ከሞሊ እስከ ክላራ፦ በካውቦይ ልብ ወለድ ውስጥ የኖረው ፍቅር

በ1860 ሰኔ ወር፣ ኒው ዮርክ ላይ፣ ቢድል የሚባሉ ወንድማማቾች ኪስ ውስጥ የምትገባ ቀጭን መጽሐፍ አሳትመው በአሥር ሳንቲም መሸጥ ጀመሩ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) አሥር ሳንቲም የቀን ሠራተኛም፣ የልብስ ሰፊ ረዳትም፣ ወታደርም የሚከፍለው ገንዘብ ነበር። የመጽሐፏ ስም «ማላይስካ» ነው። የጻፈችው አን ስቲቨንስ የምትባል፣ በሴቶች መጽሔቶች የታወቀች ደራሲ ስትሆን፣ ታሪኩም ከዚያ ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ በመጽሔት ላይ በተከታታይ ወጥቶ ነበር።

ማላይስካ ነጭ አዳኝ ያገባች፣ ከአገሩ ነባር ሕዝብ የተወለደች ሴት ናት። ባሏ በውጊያ ቆስሎ ሊሞት ሲል ልጃቸውን ይዛ ወደ ወላጆቹ እንድትሄድ አደራ አላት። ሄደች። አያቶቹ ልጁን ወደዱት፤ እሷን ግን እናቱ መሆኗን ትንፍሽ እንዳትል አድርገው በገዛ ልጇ ቤት አገልጋይ አደረጓት። ልጁ የእናቱን ወገን እየጠላ አደገ። እናቱ ማን እንደሆነች የሰማ ዕለት ሕይወቱን አጠፋ።

የካውቦይ መጽሐፍ ሲባል ብዙ የፍቅር ልብ ወለድ ወዳጅ ፊቱን ያዞራል። አቧራ፣ ፈረስ፣ ሽጉጥ፣ አልቃሽ የሌለው ሬሳ ይታየዋል። ፊልሙ ነው እንዲህ ያስለመደን። መጽሐፎቹን ከሥራቸው ጀምሮ የተከተለ ሰው ግን ሌላ ነገር ያገኛል። የአሥር ሳንቲሟ የመጀመሪያ መጽሐፍ የሴት ሥራ ነበረች፤ ጉዳይዋም ጋብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ በመጡት ታላላቅ ሥራዎች ውስጥም አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል፦ ይህች ሴት ከዚህ ሰው ጋር፣ በዚህ ምድር ላይ ጎጆ ትወጣለች ወይስ አትወጣም? መልሷ ግን ዘመን በተለወጠ ቁጥር ይለዋወጣል። እኔን መጽሐፎቹን ተራ በተራ ያስነበበኝ ይህ መልስ ነው።

ጥያቄው ከደራሲዎች ጭንቅላት ብቻ የፈለቀ አይደለም። በ1862 ፕሬዚዳንት ሊንከን የፈረሙት የመሬት አዋጅ አምስት ዓመት ተቀምጦ ላለማ ሰው 160 ኤከር ይሰጥ ነበር። በእኛ ስሌት ወደ አንድ ጋሻ ተኩል ይጠጋል። አዋጁ ሃያ አንድ ዓመት ለሞላው ሰው ወይም ለቤተሰብ ኃላፊ የሚል ስለነበር ያላገባች ሴትም፣ መበለትም በስሟ መሬት መያዝ ትችላለች። ባል ያላት ሴት ግን እንዲያ አትችልም። ማግባትና አለማግባት የመሬት ጉዳይ ሆነ ማለት ነው። በነብራስካ፣ በካንሳስ፣ በዳኮታ ሜዳ ላይ አንዲት መምህርት የአንድን ገበሬ ጥያቄ ስትመዝን ልቧን ብቻ አይደለም የምትመዝነው። ያ መሬት ደግሞ ባዶ አልነበረም፤ ነባሮቹ ሕዝቦች በውልም፣ ውሉን በማፍረስም፣ በጦርም ተገፍተው የለቀቁት ነው። ብዙዎቹ መጽሐፎች ይህን ዘለውት ያልፋሉ።

ያልዘለለችው ሔለን ሐንት ጃክሰን ናት። በ1881 መንግሥት በነባሮቹ ላይ ያደረሰውን ግፍ የሚዘረዝር መጽሐፍ አወጣች፤ ልብ ያለው ሰው ብዙም አልነበረም። ክርክሩ ካልገባቸው ታሪኩ ይገባቸዋል ብላ በ1884 «ራሞና»ን ጻፈች። በደቡብ ካሊፎርኒያ በአንድ ትልቅ የእርሻ ግቢ ያደገች፣ አባቷ ስኮትላንዳዊ እናቷ ከነባሩ ሕዝብ የሆነች ልጅ፣ በግ ሊሸልት የመጣውን አሌሳንድሮን ትወዳለች። አብረው ይኮበልላሉ። ቤት በሠሩ ቁጥር ነጭ ሰፋሪ ይመጣና ይነቅላቸዋል፤ ልጃቸው ትሞታለች፤ በመጨረሻ አሌሳንድሮም ይገደላል። አንባቢው ፍቅሩን ወደደው። ጃክሰን በተከታዩ ዓመት በ1885 ሞተች። ከዚያ በኋላ ጎብኚዎች ራሞና የተዳረችበት ነው፣ ራሞና የኖረችበት ነው እየተባሉ በባቡር ወደ ካሊፎርኒያ መጉረፍ ጀመሩ። ደራሲዋ የተቆጨችለት ሕዝብ ግን መሬቱ አልተመለሰለትም። ይህ ያሳዝነኛል። ሆኖም አንድ የፍቅር ታሪክ አንባቢን የት ድረስ ሊወስደው እንደሚችል ያየሁት በዚህ መጽሐፍ ነው።

በዚያው በ1885 ኦወን ዊስተር የሚባል የሃያ አምስት ዓመት የፊላደልፊያ ሰው ጤናው ታውኮ ሐኪሙ ወደ ዋዮሚንግ ላከው። የሐብታም ልጅ ነው። ሃርቫርድ ተምሯል፣ ፒያኖ ይጫወታል፣ ኋላ ፕሬዚዳንት ከሚሆነው ከቴዎዶር ሩዝቬልት ጋር ከተማሪነት ጀምሮ ይተዋወቃል። ያረፈው ፍራንክ ዎልኮት በሚባል የከብት ባለሀብት ግቢ ነበር። ይኸው ዎልኮት በ1892 ትናንሽ ገበሬዎችን ከብት ሌቦች ናችሁ ብሎ፣ የታጠቁ ሰዎችን እየመራ በጆንሰን አውራጃ ዘምቶባቸዋል። ዊስተር በዚያ ጠብ ወገንተኝነቱ ከትልልቆቹ ባለከብቶች ጋር ነበር፤ መጽሐፉ ላይም ይታያል። በፍርድ ሳይሆን በገመድ የሚፈጸመውን ቅጣት አንድ ዳኛ ተቀምጦ ሲያስረዳና ሲያጸድቅ የሚያነብ ሰው ቅር ቢለው ትክክል ነው።

መጽሐፉ «ዘ ቨርጂኒያን» ይባላል፤ በ1902 ወጣ፤ ለሩዝቬልት የተበረከተ ነው። በዚያው ዓመት ደጋግሞ ታተመ። ዋናው ሰው ስም እንኳ የለውም፤ የመጣበት አገር ስም ብቻ ነው የሚጠራበት። ጠላቱ ትራምፓስ ይባላል። ስለዚህ መጽሐፍ የሚያወራ ሁሉ በካርታ ጨዋታው ላይ ሽጉጥ የተመዘዘበትን ቦታ ያነሣል። ገጾቹን ለቆጠረ ግን የመጽሐፉን ሰፊ ቦታ የያዘችው ሞሊ ስታርክ ዉድ የምትባል መምህርት ናት።

ሞሊ ከቨርሞንት ነው የመጣችው። ቤተሰቧ ድሮ ስም የነበረው፣ አሁን ኪሱ የሳሳ ነው። ቤር ክሪክ ለሚባል አካባቢ ልጆች አስተማሪ ይፈለጋል ተብሎ ብቻዋን ተነሣች። ልትደርስ ስትል የተሳፈረችበት ሠረገላ የሞላ ወንዝ ውስጥ አጋደለ። አንድ ፈረሰኛ ከየት መጣ ሳይባል አፍሶ አወጣትና ዳር አደረሳት፤ በወጉ ሳታመሰግነውም ተለያዩ። መሐረቧ ወድቆ ቀረ። ያነሣው እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው መተጫጨት ሦስት ዓመት ገደማ ይፈጃል፤ ዊስተር ያላጣደፈው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ግብዣ ላይ እናቶች ሕፃናቶቻቸውን በአንድ ክፍል አስተኝተው ሲጨፍሩ፣ ቨርጂኒያዊውና ጓደኛው የሕፃናቱን ልብስና ብርድ ልብስ አቀያይረው ያስቀምጣሉ። እናቶቹ በጨለማ የሰው ልጅ ይዘው ወደየቤታቸው ይገባሉ። ይህን የሚያደርግ ጎረምሳ ነው ሞሊን የሚመኘው። እሷ መጽሐፍ ታውሰዋለች፤ ሼክስፒርንም ሌላውንም ያነባል፤ አንብቦም ዝም አይልም፣ ይሟገታታል። ያልተማረ ሰው ነው ብላ የናቀችው ሰው ሐሳብ ይዞ ይመጣባታል። አንድ ቀን እሱን እንቢ ብላ ዕቃዋን ጠቅልላ ወደ ቨርሞንት ልትመለስ ስትል በምንጭ ዳር በጥይት ቆስሎ ወድቆ አገኘችው። ደግፋ፣ ፈረሱ ላይ አውጥታ ወደ ጎጆዋ ወሰደችው። አስታመመችው። ሻንጣው ተፈታ።

የሠርጉ ዋዜማ መጣ። ትራምፓስ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከከተማው ውጣ፣ ካልወጣህ እገድልሃለሁ አለው። ሞሊ ለመነችው። ሰው ለመግደል ከወጣህ ነገ ሠርግ የለም አለች። እሱም ካልሄደ ፊቷን ቀና ብሎ ማየት እንደማይችል፣ ይህ የወንድነት ጉዳይ እንደሆነ ሊያስረዳት ሞከረ፤ አልገባትም። ወጣ። ተኩስ ተሰማ። ተመልሶ ሲመጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። በማግስቱ ተጋቡ፤ በተራራ ወንዝ መሐል ባለች ትንሽ ደሴት ላይ ድንኳን ተክለው ጫጉላቸውን አሳለፉ። ደሴቷን እሱ ቀደም ብሎ መርጦ ለዚያች ቀን አስቀምጧት ነበር።

የዚያን ምሽት የሞሊ መልስ ይህ ነው፤ ለመነች፣ ከለከለች፣ ከዚያም ተሸነፈች። ከእሷ በኋላ ለመጡት መጽሐፎች ይህ መልስ እንደ ጉልቻ ሆኖ ተቀምጧል፤ ገሚሱ ድስቱን ጣደበት፣ ገሚሱ ደግሞ ነቀለው።

ለመንቀል ብዙ ጊዜ አልፈጀም። በሞንታና የከብት አገር የምትኖር በርታ መዚ ባወር የምትባል ሴት በ1904 በመጽሔት፣ በ1906 ደግሞ በመጽሐፍ «ቺፕ ኦፍ ዘ ፍላይንግ ዩ»ን አወጣች። ሥዕሎቹን የሠራው ታዋቂው የሞንታና ሠዓሊ ቻርልስ ራስል ነው። በሽፋኑ ላይ የሰፈረው የስሟ መጀመሪያ ፊደላት ብቻ ስለነበሩ አንባቢው ደራሲው ወንድ መሰለው። ታሪኩ ውስጥ ዴላ ዊትሞር የምትባል ሐኪም ወደ ወንድሟ የከብት ግቢ ትመጣለች። ካውቦዮቹ ትንሿ ሐኪም ይሏታል። ቺፕ ይወዳታል፣ ግን ሐኪም ሴሲል ከሚባል ሰው በሚመጣላት ደብዳቤ ቅናት ያንገበግበዋል። ሐኪም ሴሲል በመጨረሻ ከባቡር ሲወርድ ሴት ሆኖ ተገኘ። ባወር ይህን የጻፈችው ራሷ በስሟ ምክንያት ወንድ ተብላ እየተነበበች ሳለ መሆኑን ሳስብ ትዕይንቱ ይበልጥ ይጥመኛል። ከዚያ በኋላ በደርዘን የሚቆጠሩ ልብ ወለዶች ጻፈች። የካውቦዮቹ ጨዋታና ቀልድ ከቤቷ ደጃፍ የተለቀመ ስለሆነ ዛሬም ትኩስ ነው።

ዜን ግሬይ በአንጻሩ ምዕራቡን የተዋወቀው ዘግይቶ ነው። ኦሃዮ ተወልዶ ኒው ዮርክ ላይ ጥርስ ይነቅል ነበር። በ1905 ያገባት ዶሊ ባትኖር ኖሮ በዚያው ይቀር እንደነበር እገምታለሁ። ሥራውን ትቶ እንዲጽፍ የወረሰችውን ገንዘብ አወጣች፤ ረቂቁን ቁጭ ብላ አረመች፣ ገለበጠች፤ ኋላም ከአሳታሚዎች ጋር የምትደራደረው እሷ ሆነች። በ1907 ወደ አሪዞና ተጉዞ በረሃውን አየ። በ1912 «ራይደርስ ኦፍ ዘ ፐርፕል ሴጅ» ወጣ።

ታሪኩ በ1871 ዩታ ውስጥ ነው። ጄን ዊዘርስቲን ከአባቷ ሰፊ ርስትና ብዙ ከብት ወርሳለች። የሞርሞን ቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌ ሊያገባት ይፈልጋል፤ እንቢ ስትል ከብቱም፣ እረኞቹም፣ ቤቱም አንድ በአንድ ከእጇ ይወጣሉ። የእህቱን መቃብር ፍለጋ የመጣው ጥቁር ለባሹ ባለሽጉጥ ላሲተር ይደርስላታል። ግሬይ ሞርሞኖቹን የሣለበት ቀለም እጅግ የጠቆረ ነው፤ ለእውነተኛው ማኅበረሰብ ፍትሕ አልሰጠም። የመጨረሻው ገጽ ግን አይረሳም። አሳዳጆቹ ገደሉን እየወጡ ነው። ላሲተርና ጄን ከአንዲት ትንሽ ልጅ ጋር ከሸለቆው አፋፍ ቆመዋል። ከበላያቸው ሊናድ የደረሰ ግዙፍ ቋጥኝ አለ፤ ከተገፋ አሳዳጆቹን ይቀብራል፣ መውጫውንም ለዘላለም ይዘጋል። ላሲተር ጉልበቱ ከዳው፤ እሷን ዕድሜ ልኳን ሊዘጋባት አልቻለም። ግፋው ያለችው ጄን ናት። ሞሊ ሆቴል ክፍል ውስጥ ሆና ተኩስ ካዳመጠች ገና አሥር ዓመቱ ነው፤ እዚህ ቃሉ ከሴቲቱ አፍ ወጣ።

ፍቅር ለሚወድ አንባቢ ግን ከግሬይ መጀመሪያ የማቀብለው በ1914 የወጣውን «ዘ ላይት ኦፍ ዌስተርን ስታርስ» ነው። ማደሊን ሐሞንድ የምትባል የኒው ዮርክ ወይዘሪት በሌሊት ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ከአንድ ባዶ ባቡር ጣቢያ ትወርዳለች። አንድ የሰከረ ካውቦይ ወደ ከተማው የምትገባውን የመጀመሪያዋን ሴት አገባለሁ ብሎ ተወራርዶ ኖሮ፣ አንድ ቄስ ጎትቶ አምጥቶ ፊቷ ያቆማል። ሰውየው ማንነቷን ሲያውቅ በኀፍረት ይሸማቀቃል። እሷ አገሩን ወዳ የከብት ግቢ ትገዛለች፤ እሱ መጠጡን ትቶ ይሠራላታል። ሜክሲኮ ውስጥ ሊረሸን ሲል የምትደርስለት እሷ ናት፤ ያውም በፈረስ ሳይሆን በረሃውን በመኪና አቋርጣ።

ግሬይ በሚሊዮን ሲነበብ፣ በ1913 ዊላ ካተር «ኦ ፓዮኒርስ!»ን አወጣች፤ የመሐል አገሩ የፍቅር ልብ ወለድ እናቱ ይህች መጽሐፍ ናት ብዬ አምናለሁ። ካተር ከቨርጂኒያ ወደ ነብራስካ የመጣችው በ1883 በዘጠኝ ዓመቷ ነው። ዛፍ ከለመደ አገር ወጥታ ሰማይና ሣር ብቻ ያለበት ሜዳ ላይ ወደቀች። ጎረቤቶቿ ስዊድኖች፣ ቦሄሚያዎች፣ ኖርዌጂያኖች ነበሩ፤ እንግሊዝኛቸው የተሰባበረ፣ ናፍቆታቸው ብዙ።

የመጽሐፏ ዋና ሰው አሌክሳንድራ በርግሰን ናት፤ አባቷ መሬቱን ለወንድሞቿ ሳይሆን ለእሷ ጥበብ አደራ ሰጥቶ ነው የሞተው። ድርቅ መጣ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሸጦ ወደ ከተማ ይሰደዳል። ወንድሞቿም እንሂድ አሉ። እሷ ወደ ወንዙ ዳር ወርዳ በዚያ ያሉትን እርሻዎች አየች፣ ከገበሬዎቹ ጋር አወራች፤ ተመልሳም ያለንን አስይዘን የሚሸሹትን ሰዎች መሬት እንግዛ አለች። ገዙም። የልጅነት ጓደኛዋ ካርል በእነዚያ ክፉ ዓመታት ትቷት ሄዶ ነበር። ሀብት በሀብት ላይ ሲደራረብላት ባዶ እጁን ተመለሰ። ወንድሞቿ ርስቱ ከቤተሰብ እንዳይወጣ ሲሉ ሊያባርሩት ተነሡ። ታናሽ ወንድሟ ኤሚል ባል ያላትን ማሪን ይወዳል፤ ሁለቱም በበጋ ሌሊት በእንጆሪ ዛፍ ሥር ባሏ በጥይት ይገድላቸዋል። ካተር ግድያውን እንደ ሌሎቹ አታስጮኸውም፤ ሣሩን፣ ደሙን፣ ቢራቢሮዎቹን ታሳይና ትተወዋለች። በመጨረሻ አሌክሳንድራና ካርል ለመጋባት ይስማማሉ፤ ወጣትነታቸው አልፏል፣ የሚቀጣጠል ነገር የለም፤ ሁለት ወዳጆች ናቸው።

በ1918 «ማይ አንቶኒያ» ተከተለ። የቦሄሚያዋ ልጅ አንቶኒያ አባቷ በመጀመሪያው ክረምት ራሱን ገድሎ፣ እንደ ወንድ አርሳ፣ ከተማ ገብታ ተቀጥራ፣ ላግባሽ ብሎ በወሰዳት ሰው ተከድታ ነፍሰ ጡር ሆና ወደ እናቷ ቤት ተመለሰች። ጂም የሚባለው አብሮ አደጓ ከሃያ ዓመት በኋላ ሊያያት ሲመጣ ጥርሷ ረግፏል፣ ልጆቿ ብዙ ናቸው። ከመሬት በታች በተቆፈረው የፍራፍሬ ጎተራ አስገብተው የታሸገውን ሁሉ አሳዩት፤ እሱና እሷ ቀድመው ወጥተው በደጅ ሲቆሙ ልጆቹ ትልቁም ትንሹም በደረጃው ተግተልትለው፣ ራሳቸው ወርቅማም ቡናማም፣ ከጨለማው ወደ ፀሐይ ፈነዱ። እዚህ ገጽ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ መጽሐፉን ጭኔ ላይ አድርጌ ቆም እላለሁ። ጂም ልጅ ሆኖ የወደዳት ሴት የሌላ ሰው ሚስት ናት፣ ግን ምንም አልጠፋም።

በ1924 «ራንች ሮማንስስ» የሚባል ርካሽ መጽሔት ተጀመረ፤ የከብት ግቢና የፍቅር ታሪክ ብቻ የሚያወጣ። እስከ 1971 ዘለቀ። እንደሱ በርካሽ ወረቀት ከታተሙት መጽሔቶች አብዛኞቹ ከጠፉ በኋላም እሱ ቆሞ ነበር። ይህ ብቻውን የካውቦይ መጽሐፍ አንባቢ ማን እንደነበረ ይናገራል።

ቤስ ስትሪተር አልድሪች በነብራስካ ኤልምዉድ በምትባል ትንሽ ከተማ ትኖር ነበር። በ1925 ባሏ በድንገት ሞተባት፤ አራት ልጆች ይዛ ቀረች። ብዕሯ እንጀራዋ ሆነ። በ1928 ያወጣችው «ኤ ላንተርን ኢን ሐር ሃንድ» ውስጥ አቢ ዲል ድምፀ መልካም ናት፤ መዝፈን፣ መሣል ትመኛለች። ወደ ምሥራቅ ወስዶ ሊያስተምራት የሚችል ሐኪም ጠየቃት። እሷ ግን ዊልን አገባች፤ በተሸፈነ ጋሪ ወደ ነብራስካ ሄደች፤ ከሣር ሥሩ ጋር እየተቆረጠ በወጣ አፈር የተሠራ ቤት ውስጥ ልጆች ወለደች። አንበጣ መጥቶ አዝመራውን በላው። ምኞቷ በየዓመቱ ለከርሞ ይተላለፋል። ድምፅዋ ለአንዷ ልጇ፣ ብሩሽዋ ለሌላዋ ደረሰ። አልድሪች ይህን እንደ ድል ትጽፈዋለች፤ እኔ እያነበብኩ አንጀቴ ይላወሳል። ሁለቱም ስሜት መጽሐፉ ውስጥ አለ።

መሬትና ፍቅር በአንድ ልብ ሲጣሉ የሚያሳየውን የዚያን ዘመን የአሜሪካ ልብ ወለድ የእኛ አንባቢ በአንድ ሥራ አሳምሮ ያውቀዋል፤ በ1936 የወጣውን የማርጋሬት ሚቸልን መጽሐፍ ነቢይ መኮንን በደርግ እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ወረቀት ላይ ተርጉሞ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ አውጥቶልናል። ያ የደቡብ ታሪክ ነው፤ ባለታሪኳን ስካርሌትን የወደደ ግን አሌክሳንድራን ለመውደድ ሩቅ አይሄድም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጃክ ሼፈር የሚባል ጋዜጠኛ፣ ምዕራቡን በዓይኑ ሳያይ፣ «ሼን»ን ጻፈ። በ1946 በመጽሔት፣ በ1949 በመጽሐፍ ወጣ። በ1889 በጋ ወደ ዋዮሚንግ ሸለቆ የመጣ እንግዳ በጆ ስታሬት ግቢ ያርፋል። የሚተርከው ቦብ፣ የጆ ትንሽ ልጅ ነው። በግቢው ጆ ለዓመታት ሲታገለው የኖረ ግዙፍ ጉቶ አለ። ሼን ቤቱ ስለተቀበለው ሊከፍል ፈልጎ ምንም ሳይል መጥረቢያ ያነሣና መፍለጥ ይጀምራል። ጆ ሌላ መጥረቢያ ይዞ ከማዶ ይቆማል። ሥሩን አንድ በአንድ እየቆረጡ ቀኑ መሸ።

ማሪያን፣ የቦብ እናት፣ በከተማ ሴቶች ምን ዓይነት ባርኔጣ እንደሚያደርጉ ከሼን ጠይቃ ነበር። የነገራትን ይዛ ባርኔጣዋን አሳምራ፣ ራሷ ላይ ደፍታ ከፊታቸው ቆመች። አየት አድርገዋት ወደ ጉቶው ተመለሱ። ተናዳ ገባች፤ መልሳ ወጣች፤ ሁለቱ ሲገፉ ጉቶው ሲንቀሳቀስ ዓይኗን መንቀል አቃታት። ምድጃ ውስጥ የረሳችው የፖም ፓይ ከሰለ። ጉቶው ሲገለበጥ እሷ ቤት ገብታ ሁለተኛውን ፓይ ጀመረች፤ እነሱ ጉቶአቸውን ካሸነፉ እሷም የሷን ታሸንፋለች። ልጁ ያያል፣ ሁሉንም አይረዳም። የማሪያንና የሼን ፍቅር ከዚህ በላይ በቃል አይገለጥም። ጆ ያውቃል፤ በሚስቱም በእንግዳውም ይተማመናል። ሼን ሽጉጡን አንሥቶ ጆ እንዳይሞት ሲል ራሱ ሄደ፤ ማሪያንም ይህን የምታደርገው ለእኔ ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። እሷን ከባሏና ከልጇ ለይቶ ማየት እንደማይችል ነገራት። ሸለቆውን ትቶ ወጣ። ሦስት ሰዎች ተዋደው ሦስቱም ንጹሕ ሆነው የቀሩበት እንዲህ ያለ መጽሐፍ እኔ ሌላ አላውቅም።

ሉዊ ላሞር በሰሜን ዳኮታ የተወለደ፣ ብዙ አገር የዞረ ሰው ነበር። በ1953 «ሆንዶ» ወጣ፤ በዚያው ዓመት ፊልሙም ታየ። ሆንዶ ኮርቻውን ተሸክሞ በእግሩ ከውሻው ጋር ወደ አንጂ ሎው ግቢ ይደርሳል። ባሌ ቅርብ ነው፣ አሁን ይመጣል ትለዋለች። እሱ ግን ቤቱን አንብቦታል፤ ወንድ የሚሠራው ሥራ ሁሉ ከቆመ ሰንብቷል። ውሸታም አላላትም። ሥራውን ሠራላት።

ከዚያ ሰባዎቹ መጡ፤ ካውቦይ ከሲኒማው ሲቀዘቅዝ በፍቅር መጽሐፍ በኩል ተመለሰ። የአዮዋዋ ጃኔት ዴይሊ በዋናው የፍቅር መጽሐፍ አሳታሚ በሃርሌኩዊን የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት ደራሲ ሆነች፤ ሃምሳውንም ግዛቶች አንድ በአንድ የታሪክ ቦታ አደረገቻቸው፤ በ1981 ደግሞ የሞንታናውን የካልደር ቤተሰብ ታሪክ ጀመረች። ካናዳዊቷ ጃኔት ኦክ በ1979 «ላቭ ካምስ ሶፍትሊ»ን አወጣች። ማርቲን ባሏ በተቀበረበት ቀን፣ ሚስቱ የሞተችበት ክላርክ፣ ለትንሽ ልጄ እናት ሁኚልኝ፣ ፀደይ ሲመጣ መመለስ ከፈለግሽ መሳፈሪያሽን እከፍላለሁ ብሎ ጠየቃት። መሄጃ የላትም፤ እሺ አለች። ማብሰል ስለማትችል በየቀኑ የምታቀርበው ያንኑ ፓንኬክ ነው፤ እሱም ቃል ሳይተነፍስ ይበላል። ፀደይ ሲመጣ አልሄደችም። የሆንዶ ዝም ብሎ መሥራትና የክላርክ ዝም ብሎ መብላት ለእኔ አንድ ቋንቋ ናቸው።

በ1985 ላሪ ማክመርትሪ «ሎንሰም ዶቭ»ን አወጣ፤ በተከታዩ ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። ሁለት ያረጁ የቴክሳስ ዘበኞች፣ ጋስና ኮል፣ ከብት እየነዱ እስከ ሞንታና ይጓዛሉ። ጋስን የጎተተው ከብቱ አይደለም፤ በነብራስካ ኦጋላላ አጠገብ፣ በፕላት ወንዝ ዳር የምትኖረው ክላራ ናት። በወጣትነቷ አግቢኝ ሲላት ኖሮ እንቢ ብላ ፈረስ ነጋዴውን ቦብን አገባች። ጋስ ከቤት እንደማይውል፣ ኮል በጠራው ጊዜ ሁሉ ተነሥቶ እንደሚሄድ ታውቅ ነበር። ጋስ ሲደርስ ባሏ ፈረስ ረግጦት በድን ሆኖ ተኝቷል፤ ሦስት ወንዶች ልጆቿን ቀብራለች፤ ሁለት ሴቶች ልጆቿን እያሳደገች የፈረስ ንግዱን ብቻዋን ይዛዋለች። ተያዩ፣ ተጫወቱ፣ አለቀሱ። እሷ አሁንም እንቢ አለች። ጋስ መንገዱን ቀጠለ፤ ሞንታና ላይ በቀስት ቆስሎ ሞተ። ከመሞቱ በፊት ኮልን አንድ አደራ አስማለው፤ ድሮ ከክላራ ጋር ሽርሽር ይወጡበት በነበረው በቴክሳስ የዛፍ ጥላ ሥር እንዲቀብረው።

ኮል ሬሳውን ይዞ ወደ ደቡብ ሲወርድ በኦጋላላ አለፈ። ክላራ እዚሁ ቅበረው አለችው፤ እኔም፣ የምትወደው ሎሬናም እዚህ ነን፣ መቃብሩን እንጠብቃለን። ኮል ቃል ሰጥቻለሁ አለ። ያን ጊዜ ክላራ ለዓመታት የያዘችውን አወጣችው፤ እናንተ ሁለታችሁ የሰው ልብ እያቆሰላችሁ ዕድሜያችሁን ጨረሳችሁ፣ ቃላችሁን ብቻ እያያችሁ፣ እኔም ስለዚህ እንቅሃለሁ ብላ ፊት ለፊት ነገረችው። ኮል መልስ አልነበረውም። ከሬሳው ሣጥን ጋር ጋሪውን ወደ ቴክሳስ ነዳ፤ ክላራ ወደ ልጆቿና ወደ ፈረሶቿ ተመለሰች።